ቢላ ስለጠየቀው ባለቤቴ ጆሮ

ለክቡር ዳኛ ኦባዳያ ሴልዊን፣ የኮልድብሩክ ከተማ ጠባቂና የነፍሳችን ተቆርቋሪ፤

ጤናዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ የሰላም ይሁን እያልኩ እጅ እነሣለሁ፤ የእኔ እንቅልፍማ ባለቤቴ ከተፈረደበት ቀን ጀምሮ ድራሹ ጠፍቷል። ይህን ደብዳቤ በቤተ ጸሎቱ በር ላይ የቸነከርኩት እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ደጅ ብጠና ብጠና ሎሌዎ «ጸሎት ላይ ናቸው» እያለ ስለመለሰኝ ነው። የፊታችን ሐሙስ ከስብከት በኋላ የባለቤቴ የፊንሌይ ቀኝ ጆሮ እንዲቆረጥ ስለፈረዱልን፣ ግራውንም ስለማሩልን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አንደኛ፤ ያቺን ዝናብ ያበሰበሳትን የክዌከር ሴት ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ክዌከሮች በዝምታ የሚጸልዩ፣ መሐላ የሚባል ነገር የማይምሉ ሰዎች እንደሆኑ፣ እነሱን ማስጠለልም በሕግ እንደተከለከለ አላጣሁትም፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሳይ ግን ሕጉ ከአእምሮዬ ወጣ። ፊንሌይ ያደረገው ቢኖር የበቆሎ ገንፎ አቅርቦላት አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እሱ እኮ ከማንም ጋር ዝም ነው! በአገሩ በስኮትላንድ ጦርነት በእንግሊዞች ተማርኮ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ለብረት ማቅለጫው ከተሸጠ ወዲህ፣ እንግሊዝኛ በተናገረ ቁጥር ሰው ስለሚስቅበት አፉን መዝጋት ለምዷል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፕሩደንስ ግን በመስኮት አጮልቃ «ኧረ ጉድ ነው፣ ሁለቱም ዝም ብለዋል፣ እየጸለዩ ነው!» እያለች እርስዎ ዘንድ ሮጠች፤ እግሯን ያበርታልን።

ሁለተኛ፤ በችሎት «ክዌከር አይደለሁም ብለህ እጅህን አንሥተህ ማል» ቢሉት፣ ፊንሌይ «ቢላ ስጡኝ» አለ። እርስዎም ከወንበርዎ ዘለው ከጸሐፊው ጀርባ ተወሸቁ፤ በዚህ ዕድሜዎ እንዲያ መዝለልዎ አስደስቶኛል። በእሱ አገር ሰው የሚምለው በብረት ነው፤ ስለቱን ስሞ «ብዋሽ ይህ ይብላኝ» ይላል። ባዶ እጅ ማንሣት ለእሱ ዝንብ እንደ ማባረር ነው። ይህን ላስረዳ ብነሣ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ» ተባልኩ። ከዚያም መማል እምቢ ስላለ ክዌከር ነው ተባለ፤ መሣሪያ አንነካም የሚሉት ክዌከሮች ቢላ የሚጠይቅ ወንድም በማግኘታቸው እንኳን ደስ አላቸው።

ሦስተኛ፤ እሑድ እርስዎ «እኛ አንድ ዘር፣ አንድ እምነት ነን» ሲሉ ሁላችንም አሜን ብለናል። ወንበርዎን የጠገነው ሆላንዳዊ አሜን ብሏል፤ የልጅዎን ትኩሳት ያበረደችው፣ ከአንጎላ በባርነት የመጣችው ማርያም አሜን ብላለች። በየልባቸው ያሉትን ግን ፈርቼ አልጠየቅኋቸውም።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱ ይብቃኝ። ፈርቻለሁ። ለዚህ ወረቀት ነገ ሊወስዱኝ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ዐምና በጎረቤት ከተማ ጆሮው የተቆረጠው ሰው ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሚስቱን እንኳ ሳይለያት ነው የሞተው። እባክዎ፣ በአምላክ ይዤዎታለሁ፣ ከሐሙስ በፊት ቢላ አስይዘው ያስምሉት፤ ከፈሩ እጁን ሁለት ሰው ይያዘው፣ እርስዎም ከበሩ ውጭ ይቁሙ።

ሕግ አክባሪዎ፣ አሜን ባይዎ፣ ለጊዜው ሁለቱም ጆሮዎቿ ያሉላት፣
ሂፕዚባ፣ የፊንሌይ ሚስት

የተረሳ ነገር፤ ልመናዬን ባይቀበሉትም ግድ የለም፤ ሐሙስ ዕለት ቢላውን ራስዎ ያስመጡለታል። ወደ ፊቱ ሲጠጋ ፊንሌይ ጎንበስ ብሎ ስለቱን ይስማል፣ በአገሩ ቋንቋም ይምላል፤ እኔም ለሕዝቡ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ። እንዲህ የሚያስፈራኝ መሐላውን ሳይሰሙ ይቀራሉ ብዬ አይደለም፤ ሰምተውት፣ አምነውትም፣ «በል ቁረጥ» ይላሉ ብዬ ነው።