የቶሩ-ሱ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ተቆጣጣሪ የወይዘሮ ኡምሱን ሳቲባልዲየቫ ኅልፈት

የቶሩ-ሱ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ጽሕፈት ቤት፣ ለረጅም ዓመታት በበረራ ተቆጣጣሪነት ያገለገሉት ወይዘሮ ኡምሱን ሳቲባልዲየቫ ባለፈው ማክሰኞ በሥራ ላይ እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

ወይዘሮ ኡምሱን በከተማችን ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ የተቆጣጣሪነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው እ.ኤ.አ. በ1984 በመቆጣጠሪያ ማማችን ሥራ ጀመሩ። ጊዜው ተሳፋሪው በጉን ሳይቀር ይዞ የሚሳፈርበት፣ በመንገደኞች አዳራሽ መቀመጫ የሚጠፋበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 መደበኛው የክልል በረራ ሲቋረጥ ባልደረቦቻቸው በየፊናቸው ተበተኑ። ባለቤታቸው ልጃቸውን ይዘው ለሥራ ወደ ሳይቤሪያ ሲሄዱ ወይዘሮ ኡምሱን፣ «አንድ አውሮፕላን እንኳ ቢመጣ ለጥሪው ማን ይመልሳል?» ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው አልተመለሱም። ጽሕፈት ቤቱም ወደ ዋና ከተማ ሊያዛውራቸው ደጋግሞ ቢጠይቅ ፈቃደኛ አልሆኑም።

እ.ኤ.አ. በ2009፣ በበረዶው ወራት፣ ካፒቴን ኤርኪን ማምቤቶቭ በትንሽ አውሮፕላን ምጥ የያዛት እናት ከተራራ መንደር ይዘው ሲመጡ ሸለቆው በጉም ተሸፈነ። ከኋላቸው ያለው የተራራ መተላለፊያም ስለተዘጋ መመለስ አልቻሉም። ወይዘሮ ኡምሱን በሬዲዮ፣ «እዚህ ነኝ ኤርኪን፣ የትም አልሄድም። ወንዙ እስኪታይህ ድረስ አውራኝ» አሏቸው። ስለ ልጆቻቸውና ስለ ፈረሳቸው እየጠየቁ አቆዩአቸው። ጉሙ ከወንዙ ላይ ገለጥ ሲል አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ሕፃኗም በመንገደኞች አዳራሽ ተወለደች።

ከዚያ ወዲህ፣ ማረፊያችን ላይ የማያርፉ አብራሪዎች እንኳ እትዬ ኡምሱንን ሰላም ሳይሉ አያልፉም ነበር። እሳቸውም «ምሳ በላህ?» ሳይሉ አያሰናብቱም ነበር። ጽሕፈት ቤታችን ያለው በከተማው መካከል በመሆኑ፣ የጥበቃ ሠራተኛችን ጡረታ ከወጡ በኋላ በማረፊያው ሕንፃ ውስጥ የቀሩት ወይዘሮ ኡምሱን ብቻ ስለነበሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ሰላምታ በቀር ከሰው ጋር የማይነጋገሩበት ጊዜ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ካፒቴን ኤርኪን በከተማችን ሰማይ ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው ተጣሩ። መልስ አጡ። ደግመው ቢጣሩም ያው ሆነ። ጉዟቸውን አቋርጠው አረፉና ማማው ላይ ሲወጡ፣ ወይዘሮ ኡምሱንን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐርፈው አገኟቸው።

ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። ልጃቸው ወይዘሮ ናዝጉል ከሳይቤሪያ የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። «እናቴ ብቻዋን አልሞተችም በሉልኝ» ሲሉ ጠይቀውናል። ይህን ማለት አልቻልንም። ልንመሰክርላቸው የምንችለው፣ እናታቸው ዝም ባሉበት ቀን መንገዱን ትቶ ከሰማይ የወረደላቸው ሰው እንደነበረ ነው።

ለወይዘሮ ናዝጉል፣ ለካፒቴን ኤርኪን፣ እንዲሁም መልካቸውን ሳያዩ ድምፃቸውን ለለመዱ አብራሪዎች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በቦታቸው ሰው ስላልተመደበ፣ በቶሩ-ሱ ላይ የሚያልፉ አብራሪዎች ለጥሪያቸው መልስ እንዳይጠብቁ ከታላቅ ሐዘን ጋር እናሳውቃለን።

የቶሩ-ሱ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ጽሕፈት ቤት