የወንድሜ ፓምፕ ቤት

ጥር 6
ከሰቆ ፋብሪካ ለጥገና ፓምፕ መጣ። ትልቁን ፕሬስ የሚገፋው ነው። ፈታሁት። በሚሽከረከረው ሮተር ስንጥቆች ውስጥ ገባ ወጣ ማለት ያለባቸው ስስ ብረቶች፣ እኛ ምላጭ የምንላቸው፣ በቆሸሸ ዘይት ተጣብቀዋል። ስፈትግ ዋልኩ። ወንድሜ ለአንድ ደንበኛ «እሷ እኮ ቀኝ እጄ ናት» ሲል ሰማሁ። ማመስገኑ ነው። ግን ሰው እጁን ፈቃድ ይጠይቃል?

ጥር 9
የፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ፓምፑን ሊወስድ ራሱ መጣ። መሞከሪያው ላይ አሰርኩለት። የግፊቱ መርፌ ወጣ... ወጣ... ቀጥ ብሎ ቆመ። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛ ጋ ቦታ አለ። ማደሪያም እንሰጣለን። ከተማው ራቅ ይላል እንጂ...»
«ላስብበት» አልኩ።
ወንድሜ ሲገባ እንደ ሌባ ፊቴን አዞርኩ። ምን ሰረቅኩ?

ጥር 10
አልነገርኩትም።

ጥር 13
ራት ላይ ነገርኩት። ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት። ከዚያ ሳህኑን እያየ፣ «አባባስ?» አለ። ይቺን ብቻ።
አባባ ማዶ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። እግሩ ከከዳው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የማነሳው እኔ ነኝ። ተነስቼ ዕቃ አጠብኩ።
ከመኝታዬ እስከ ወርክሾፑ በር አንድ ግቢ ነው። እዚሁ አድጌ፣ እዚሁ ሥራ ተምሬ... እዚሁ ላርጅ?

ጥር 17
ኃላፊው ደወለ። ስልኬ ጠረጴዛ ላይ፣ እጄ በዘይት ተጨማልቋል። ወንድሜ አነሳው።
«እህቴ ሐሳቧን ቀይራለች። ይቅርታ።»
ዘጋው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «እስቲ ያንን መፍቻ አቀብዪኝ።»
አቀበልኩት። እንዴት አቀበልኩት? አፌ የት ሄዶ ነበር?

ጥር 18
አባባን ሳነሳው ክንዴን ያዘኝ። ትናንት በረንዳ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል።
«በእኔ አታመካኙ።»
«ማን ያነሳሃል ታዲያ?»
«እሱ። ትከሻ የለውም እንዴ?»
ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 20
ራሴ ደወልኩ። ቦታው አልተያዘም። ወንድሜ ጋ ሄጄ፣ «እሄዳለሁ። ስልኬንም ሁለተኛ እንዳታነሳ» አልኩት። ብያለሁ።
አንዱን ብሎን ሲወለውል ቆየ።
«ሂጂ እንግዲህ።»
ቀና ብሎ አላየኝም።

የካቲት 14
ከፋብሪካው ወጥቼ ማደሪያዬ ውስጥ ጫማዬን ሳወልቅ ስልክ ጮኸ። ወንድሜ! ስመጣ እንኳ አልሸኘኝም፤ ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።
«አንድ ፓምፕ ገጠምኩ፣ ግፊት አልይዝ አለ። ምን ላድርግ?»
ምን ላድርግ አለ... እሱ። እኔን።
«የምላጮቹ ሹል ጫፍ ወዴት ነው የዞረው?»
«ቆይ፣ ልፍታው።»
ስልኩን ሳይዘጋ ፈታው። ብሎኖቹ ትሪ ላይ ሲወድቁ ይሰማኛል። ጠበቅኩት። ምላጮቹን ገልብጦ ገጠመ፣ ሞተሩን አስነሳ።
«ያዘ» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ «አባባን ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማነሳው።»
«ምን ይልሃል?»
«ይሰድበኛል። አያያዝ አታውቅም ይለኛል።»
ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የምንለው አለቀ። እሱም አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም።