የዳር ብሎኖች

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ፣ ደብረ ታቦር

ቀኝ ትከሻዬ ዛሬም እንደደነዘዘ ዋለ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ብሎን የማጠብቀው በእጄ ስሜት ነው። ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን መፍቻ ልጄ ከባሕር ዳር ከላከችልኝ ቆይቷል፤ ሳጥኑን እንኳ አልከፈትኩትም ነበር። ዛሬ የአንድ ፒካፕ ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ገጥሜ፣ አሥሩን ብሎኖች እንደ ደንቡ ከመሐል ወደ ዳር አጥብቄ ስጨርስ፣ እስቲ ልሞክረው አልኩ። የመሐሎቹ ወዲያው ቀጭ አሉ። የዳሮቹ አራቱ ግን ገና ይዞራሉ። አንዱማ ሩብ ዙር ሄደ። ለካ እጄ መጨረሻ ላይ ሲዝል፣ ያልጠበቀውን ጠብቋል ይለኛል።

ወዲያው የጋሽ ሞላ ሚኒባስ ትዝ አለኝ። ሞተሩን ባለፈው ሳምንት በዚሁ እጄ ነው የገጠምኩት። የዳሩ ከላላ ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል፤ አንድ ቀን ሰው እንደጫነ ዳገት ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ራሳቸው የሐሙሲት ተሳፋሪ ሞልተው ሲያልፉ ጋራዤ በር ላይ ቆም አሉ።

«ትናንት የጉናን ዳገት እንደ ሜዳ ወጣው እኮ! እጅህን ይባርከው!»

መፍቻው እጄ ላይ ነበር። «ያምጡት፣ እንደገና ልየው» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል።

«አሜን፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጥጉን ዞረው እስኪጠፉ ቆሜ ሞተሩን አዳመጥኩት። ድምፁ ደህና ነው። ለዛሬ ደህና ነው።