ለከሰሉ ቤት የተሳልኩት ስለት

መስከረም 23፣ ዓርብ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ የወርቅውሃ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ዛሬ ምንም የለም። ምስር በላሁ። እስከ ሱቁ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ረቡዕ የወርቂቱ የልብ ኦፕሬሽን ነው... ይኼን አልጽፍም አለችኝ። ጻፊው! እናትሽ ብትሆን ለኔም ሚስቴ ናት።

መስከረም 24

ልጄ አሮን አየር ይቀበሉ ብሎ ይዞኝ ወጣ። ከሊቨርሞር ከተማ ወዲያ፣ ሣሩ የደረቀበት ኮረብታ። ፓርክ ነው አለኝ። እሱ ፓርኪንጉ ላይ ስልክ ሲያወራ ብቻዬን ወጣሁ።

ግንብ አየሁ። የድንጋይ። ጣሪያው የለም፣ በሩ ቅስት፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን! የፈረንጅ ቢሆንስ? ቅጥሩ ይከበራል። ጫማዬን አውልቄ ደፉን ሳምኩ። ተሳልኩ። የዚህ ቤት ባለቤት፣ ስምህን አላውቅም፣ ወርቂቱን ብታተርፍልኝ ጥላ አገባለሁ አልኩ።

ቀለል አለኝ።

መስከረም 25

ከቅዳሴ መልስ ለአሮን ነገርኩት። እዚያ ያለውን ሰሌዳ በስልኩ አንስቶት ኖሯል፤ አነበበልኝ። መጀመሪያ ሳቀ። ፊቴን አይቶ ተወ።

«አባባ፣ ቸርች አይደለም እኮ። የከሰል ማውጫ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሞተር ነበር።»

ሞተሩ ሰዎቹን በገመድ ወደ ጉድጓድ ያወርዳል፣ ያወጣል። አንዳንዶቹ ወርደው ቀሩ። ሬሳቸውም አልወጣ።

እኔ... እዚያ ነው የሳምኩት? ነፍስ የለመንኩት ሰው ካለቀበት ቤት ነው?

መስከረም 26

እህል አልወረደልኝም። ለማን ነው የተሳልኩት? ለሞተር?

መስከረም 27

ሆስፒታል። ሳልነግራት እንዳትገባ ብዬ ለወርቂቱ ነገርኳት። ደረቷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ከብረት ጋር ተዋዋልክ?» ሟርት እንዳይሆንብሽ ፈርቼ ነው አልኩ። እኔ ፈራሁ ብዬ አላውቅም።

ሳቋን ጨረሰች። ከዚያ፣ «ሰዎቹ ሲወርዱ ሚስቶቻቸው የት ሆነው የጠበቁ ይመስልሃል?»

እኔ እንጃ።

«እዚያው ግንብ ሥር ነዋ። ካንተ በፊት ተለምኖበታል።»



መስከረም 28

ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠናል። ሐኪሙ መጣ። ተርፋለች። አሮንን አቀፍኩት። ይኼ ይብቃ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ጥላውን አስገባሁ። የኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ኦክላንድ። አባ ናዖድ የት እንደተሳልኩ ጠየቁኝ። በሰው ፊት ሁሉንም ነገርኳቸው። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ፤ ይሳቁ! አባ ግን አልሳቁም። የሰማው አንድ ነው፣ እዚሁ ይግባ አሉ።

እዚያ መሬት ውስጥ የቀሩትንም በጸሎት ያንሱልኝ አልኩ።

«የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ።»

አላውቅም።

«ታዲያ ማን ብዬ ልጥራቸው?»

ደነገጥኩ። አሮን ሰሌዳውን ካነበበልኝ ቀን ይልቅ ያኔ ደነገጥኩ። ሰው ከመሬት ሥር ቀርቶ ስሙን የሚጠራለት እንኳ ይጣ?

«ሚስቶቻቸው ግንብ ሥር ቆመው የጠበቋቸው ይበሏቸው» አልኩ።

አባ መስቀላቸውን አነሱ። ከዚያ እንዳልኩት ጠሯቸው። ወርቂቱ ወንበር ላይ ሆና አሜን አለች፤ ድምጿ ከኔ ድምፅ በለጠ።

በቃኝ። የወርቅውሃ፣ ዓይንሽን ጥረጊና አንብቢልኝ እስቲ። ጮክ ብለሽ፤ እናትሽም ትስማ።