አንዴ ብቻ ዝም በይልኝ

ውድ እማዬ፣

ይህን የምታነብልሽ ቁስልሽን የምታጥበው ነርስ ናት። በሩን ዘግታ፣ ጆሮሽ ሥር ሆና ታነብልሻለች። ሰው ከገባ የመድኃኒት ማዘዣ ነው ትላለች። አንቺም አታልቅሺ፤ ያስጠረጥራል።

ስለ ጀርባሽ ነግራኛለች። የሚያገላብጥሽ እንደሌለ፣ ቁስሉ አጥንት ሊነካ እንደደረሰ፣ ትኩሳት እንደጀመረሽ። "እዚያ ቤት ከቆዩ ወር አይደፍኑም" አለችኝ። ልጽፍልሽ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የልጅሽ ሚስት ሳለሁ እርስዎ ነበር የምልሽ። ፍርድ ቤት የቆምሽልኝ ቀን ዳኛው "እናት ስለሆኑ በልጅዎ ላይ ለመመስከር አይገደዱም" ቢሉሽ፣ "ማን አስገደደኝ? በእግሬ ነው የመጣሁት" አልሻቸው። ከዚያ ወደ ልጅሽ እያየሽ፣ "ይህን እጅ በሆዴ የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጅ ጥርሷን ሲያወልቅ አይቻለሁ" አልሽ። እሱ ታሰረ። የባልሽ ወንድም በር ላይ ጠብቆ "ልጇን ለባዕድ የሸጠች!" ሲልሽ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ሻጭ ነበርኩ፤ ለአንተም አንድ ልቁረጥልህ፣ መመለሻ የሌለው?" አልሽው። እዚያው በሩ ላይ ሳቅሁ። ደረጃውን ስንወርድ ነው "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ለአማት ነው" ያልሽኝ። አፌ እስኪለምደው ስንቴ ተሳሳትኩ!

ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚልሽ ጠፋ። በዘመድ ለቅሶ ወንበር ነፍገውሽ ቆመሽ ውለሽ መጣሽ። "እግሬን አፍታታሁ" አልሽኝና ጠቅልለሽ እኔ ዘንድ ገባሽ። እኔ መጋረጃ ስሰፋ አንቺ ትተኩሻለሽ። ጠርዙ የተጣመመብኝን እያነሳሽ "ይሄ መጋረጃ ነው ወይስ የሰከረ ሰው?" ትይኛለሽ።

ቀኝ ጎንሽ ሲከዳሽ አፍሽም አብሮ ከዳሽ። ከቃል ሁሉ የቀረሽ "እምቢ" ብቻ ሆነ። ውሃ ስሰጥሽ "እምቢ" እያልሽ ትጠጫለሽ። ሆስፒታል ተኝተሽ ሐኪሙ "እንዴት አደሩ?" ሲልሽ "እምቢ"። የጎን አልጋዋ ሴትዮ "እኚህስ ለሞትም እምቢ ይሉታል" ስትል አንቺም ሳቅሽ፣ በግማሽ አፍሽ።

ከሆስፒታል የወጣሽ ቀን ግን ተረኛው ሐኪም ሌላ ነበር። የባልሽ ወንድም ከእስር የወጣውን ልጅሽን አስከትሎ መኪና ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ከዚች ሴትዮ ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አለሽ።

"እምቢ" አልሽ።

"ሰማችሁ! በገዛ አፏ!"

"ሌላ ቃል የላትም! ስሟን ጠይቋት፤ ለሱም እምቢ ነው የምትለው!" ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። መኪና ውስጥ አስገቡሽ።

ስንት ጊዜ በራችሁ ላይ መጣሁ መሰለሽ። ልጅሽ "ምኗ ነሽ? እኔን ስትፈቺ እሷንም ፈትተሻል" ብሎ ዘጋብኝ። አጎቱ ቢያንስ ያነጋግረኛል።

"ልጇ እያለ በተፈታች ምራት እጅ ብትሞት ሰው ምን ይለናል?" አለኝ።

"በእናንተ እጅ ብትሞትስ?"

"ያማ ወግ ነው።"

እንዲህ ነው ያለኝ፣ እማዬ። ክፋትም አልነበረበትም፤ የሚያምነውን ነው የተናገረው።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴት ትመጣለች። ደጅ ጠንቼ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው እሺ ያሰኘኋት። "ከራሳቸው አንደበት ካልሰማሁ እጄ አጭር ነው" ብላኛለች። ሁለት ጥያቄ ትጠይቅሻለች። መጀመሪያ፣ "ከቀድሞ ምራትዎ ጋር መሄድ ይፈልጋሉ?" ቀጥላ ደግሞ፣ "እዚህ መቅረት ይፈልጋሉ?" ለሁለቱም እምቢ ካልሽ አእምሮዋን ስታለች ብለው ይጽፋሉ፣ ልጅሽ ሞግዚትሽ ይሆናል፣ ሁለተኛ የሚጠይቅሽ አይኖርም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ዝም በይ። ሰው ሲያናግርሽ ቃሉ ሳታስቢው እንደሚያመልጥሽ አውቃለሁ። ዝምታ በደህናሽም ጊዜ አይሆንልሽም ነበር። ከንፈርሽን ንከሺ። ነርሷ በመጣች ቁጥር ታለማምድሻለች፤ ትጠይቅሻለች፣ አንቺ ትነክሻለሽ። ለሁለተኛው እንደ ልብሽ ልቀቂው።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሆስፒታሉ በር ላይ ያልሽው እምቢ የምርሽ ቢሆንስ? ልጅሽ ነው። ከእስር የወጣ ሰሞን በመንገዱ ሲያልፍ፣ እስኪሰወር ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመሽ አየሽው። ካውያው ጨርቁን አቃጠለ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ስለ ጨርቁም አላወራንም። ከሱ ጋር መሞት ከሆነ የምትፈልጊው፣ ለመጀመሪያው እምቢ በይ፣ ለሁለተኛው ዝም በይ። አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፤ እቀየማለሁ። ግን እሄድልሻለሁ።

አልጋሽን መስኮቱ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ደረጃውን የሚያወጣሽ ታች ያለው አናጢ ነው። "የስንቱን ቁም ሣጥን የተሸከመ ጀርባ ነው፤ እሳቸውን አያቅተውም" ብሎኛል። ቅዳሜ አብሮኝ ይመጣል። ግቢ ስለማያስገቡን ከአጥሩ ውጭ፣ በመስኮትሽ በኩል እንቆማለን። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ እኔ እንድሰማው ጮክ ብለሽ በይው።

እስከ ቅዳሜ፣ አደራሽን፣ በሕይወት ቆዪኝ።

ልጅሽ