አባባ ከመጽሐፍ ያገኙት ስብከት

ማክሰኞ
ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ሰላማዊት የምትባል የነገረ መለኮት ተማሪ የአባባን መጻሕፍት ልታይ ቀራንዮ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። አንድ ጀርመናዊ ምሁር የእኛን አገር ሰባኪዎች አስተሳሰብ እንዴት እንደለወጠ ነው የምታጠናው። አባባ አርባ ዓመት ሰብከዋል። የምሁሩን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጥታ አንድ ገጽ ተረጎመችልኝ። እግዚአብሔር ከሚያለቅሱት ጋር አብሮ ያለቅሳል ይላል።

ክው አልኩ። አባባ በወንድሜ በናታን ቀብር ላይ የሰበኩት ይህንኑ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ስብከት ስጽናና ኖሬአለሁ። ከራሳቸው ልብ የወጣ መስሎኝ።

ረቡዕ
አልጠየቅኳቸውም። ቁርስ አቀረብኩ፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሰጠሁ።
«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።
«ምንም።»
የፓስተር ልጅ ሆኜ ውሸት እንዲህ ይቀለኛል። አየር ጤና ባለው ሱቄ ውስጥ ቀይ ክር ለጠየቀችኝ ደንበኛ ሰማያዊ ሸጥኩላት።

ሐሙስ
ዛሬም አልጠየቅኩም። ልጁ ሞቶበት ከመጽሐፍ የሚቀዳ አባት አለ? እንዲህ ማሰቤም አሳፈረኝ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ነገ እጠይቃለሁ።

ዓርብ
ጠየቅኩ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ገለጡት።
«አዎ፣ ከዚህ ነው» አሉ። «ከጓደኞቼ ጋር ስምንት ዓመት ተከራክረንበታል። እነሱ ወደዱት። እኔ ‹አምላክ አያለቅስም› ብዬ እንቢ አልኩ። ናታን የሞተ ጠዋት ግን ሌላ የምይዘው አጣሁ።»
«ታዲያ ያኔ ለምን ከማን እንዳገኙት አልተናገሩም?»
«በዚያ ቀን የማንን ስም ልጥራ፣ ልጄ? የወንድምሽን ስም እንኳ በስንት መከራ ነው የጠራሁት።»
እጃቸውን ያዝኩ። ስለ ናታን አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። በቀብሩ ቀን እኔ ከሴቶቹ ጋር፣ እሳቸው ከመድረኩ ላይ ነበርን።

ቅዳሜ
ሰላማዊት ድምፅ መቅጃ ይዛ መጣች። አባባ እስከ ምሳ አወሩላት። ስሟን ሁለቴ ረሱት፣ ከክርክሩ ግን አንዲትም ነገር አልረሱም።
«እንቢ ማለቴንም ጻፊው» አሏት። «ፈረንጅ ያለውን ሁሉ ዝም ብለን የተቀበልን እንዳይመስል።»
ስለ ናታን መጻፍ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። አባባ ወደ እኔ አዩ። «እሷ ታውቃለች።»
እስከ ሰኞ ስጪኝ አልኳት። ገና አልቆረጥኩም። እሺ የምላት ይመስለኛል።