ለቀይ እስክሪብቶ ያደረግሁት ምሕረት

ውድ ቀይ እስክሪብቶ፣

ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው። ቁጭ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ መቀመጥ አላስችል ስላለኝ ወረቀቱን መቁረጫ ማሽኑ ላይ ዘርግቼ እየጻፍኩ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ እንደ ድሮሽ እንዳትቆጪ።

ስልክሽ ከተዘጋ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ። በእነዚህ ቀናት ሥራዬን ስንቴ እንዳበላሸሁ ብታዪ ታፍሪብኛለሽ። ትናንት የአንዷን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጬ ጠረዝኩላት፤ ሽፋኑን ስትከፍተው የመጨረሻው ገጽ ተዘቅዝቆ አፈጠጠባት። "እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። አሠሪዬ ግን ስልኬን ከእጄ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

አብረን የምንሠራበት ማተሚያ ቤት ተዘግቶ ሦስታችን በሦስት ከተማ ስንበተን የጥያቄውን ጨዋታ ያመጣሽው አንቺ ነበርሽ። "ሰላም ነው ሰላም ነው እየተባባልን በወሩ ልንጠፋፋ ነው" ብለሽ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈትሽልን፤ አንቺ አራሚዋ ቀይ እስክሪብቶ፣ እኔ ጠራዧ፣ ሾፌራችን ጎማ። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት አንድ ጥያቄ፣ ተራ በተራ። የተሳሳተ ሰው ቅጣቱ፣ ለማንም ያልነገረውን አንድ እውነት መናገር። ቅጣቱንም ያወጣሽው አንቺው ነሽ።

እኔና ጎማ ተቀጥተን ተቀጥተን የቀረን ምስጢር የለም። ጎማ የአፍሪካን ረጅም ተራራ የሳተ ጊዜ፣ ለማተሚያ ቤቱ አሥራ አንድ ዓመት በነዳበት መንገድ ላይ፣ አሁን የሕዝብ መኪና ይዞ ጠፍቶ ተሳፋሪዎቹ እየመሩ እንዳደረሱት ተናዘዘ። እኔ ደግሞ የሰው ጥርስ ሠላሳ ነው ብዬ፣ የቀድሞ ባሌ ማግባቱን የሰማሁ ቀን ምሳ ሁለቴ እንደበላሁ ነገርኳችሁ። "ሁለተኛው ጣፈጠሽ?" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። ማታ ስገባ ቀሎኝ ነበር።

አንቺ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳትሽም። ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ስለ ጎማ አዲስ ጫማ፣ አሁን በምትሠሪበት ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ወረቀት ስለሚያኝከው ፕሪንተር እናወራለን። ስለ ራስሽ ስንጠይቅሽ "እኔ ደህና ነኝ፤ ይልቅ መልሱን አምጡ" ትያለሽ። ቤትሽ ውስጥ ከማን ጋር እንደምትኖሪ እንኳ አላውቅም። ይህን ስጽፈው ራሴን አሳፈረኝ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ተራው የእኔ ነበር፤ ተቻኩዬ ስለነበር አፌ ላይ የመጣውን ወረወርኩ፦ ከፕላኔቶች ሁሉ ትልቁ ማን ነው? ጎማ ወዲያው "ጁፒተር! እቺንስ አልስታትም" አለ። አንቺ ጋ "እየጻፈች ነው" ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይላል። ብዙ ጠብቀን የመጣው አንድ ቃል ነው።

"ጨረቃ።"

ጨረቃ! ጎማ አንድ ቀን ጨረቃን ከፕላኔት ቢቆጥራት ሰባት ደቂቃ ሙሉ በድምፅ ያስተማርሽው አንቺ! "ዛሬ ስልክሽን ማን ነው የያዘው? በይ ምሬሻለሁ፣ ቅጣት የለብሽም" ብዬ ጻፍኩ። ጎማ የሳቅ ምስል ደረደረ። አንቺ "እሺ፤ ደህና ዋሉ" አልሽ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ የለም።

አሁን ለጎማም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ያቺን ቃል እንዳየኋት ገብቶኝ ነበር። አውቀሽ እንደተሳሳትሽ፣ ቅጣቱን ፈልገሽ እንደመጣሽ ገብቶኝ ነበር። "ምን ሆንሽብኝ?" ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ፈራሁ። እኔ በከፋኝ ቁጥር የምሮጠው ወደ አንቺ ነው፤ አንቺም ደህና ካልሆንሽ ወዴት ልሄድ ነው ብዬ ለራሴ ፈራሁ። ስለዚህ ቀለድኩ። ደግ ሰው መስዬ በሩን ፊትሽ ላይ ዘጋሁት። ከወንበር የሚያስነሳኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጎማ በከተማችሁ ሲያልፍ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጥበቃውን ጠየቀልኝ።

"እሷ? ደህና ናት፤ በየቀኑ ትገባለች" አሉት።

"ትስቃለች ወይ ግን፣ አባቴ?"

"ልጄ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው" ብለው መለሱለት።

ጎማ ደውሎ ሲነግረኝ እፎይ አልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተናደድኩብሽ፤ ስልክ ዘግቶ ፀጉር አበጥሮ ሥራ መግባት ምን የሚሉት ነገር ነው? ከዚያ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ከፎቶ ኮፒው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ፎቶ ኮፒው ስመላለስ አሠሪዬ አላስቻለውም። "አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ውጪ ወይ ግቢ!" አለኝ። እኔም የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት። ከመገላገሉ ብዛት ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጥበቃው ሲሰጡሽ የጎማ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ጋቢና ነኝ፤ ወይም መቀመጥ አቅቶኝ መኪናውን እየዞርኩት ነው። ያደረግሁልሽን ምሕረት አንስቻለሁ። ተሳስተሻል፣ ተቀጪ። አሳምረሽ መናገር የለብሽም፤ ከመሃል ጀምሪው፣ አልቅሺ፣ ሳትጨርሺው ተዪው፣ እኔ አላርምሽም። መናገር ካልፈለግሽም ብቅ ብለሽ "አልናገርም" በይኝ፤ እሱም እውነት ነው፣ እቀበለዋለሁ። ጎማ ለተሳፋሪዎቹ ሞተሩ ግሏል ብሎ ሊዋሽልሽ ተስማምቷል። እንደ እሱ ግምት ግማሽ ሰዓት ያምኑታል። ከዚያ በኋላ እሱ ይሄዳል።

እኔ አልሄድም።

ፈርታ የሸሸችሽ፣ አሁንም እየፈራች የመጣችው
ጠራዧ